«ይሄ ርዕስ እንጀራ አይሆንም» ለሚሉ አማካሪዎች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የኔ ተማሪ አይደለችም፤ ሌላ ቦታ ነው የምትማረው። ፕሮፖዛሏ ከሸጎሌና ከአካባቢዋ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ወደ ቦሌና ወደ ሳርቤት ለጽዳት ሥራ የሚሄዱ ሴቶች እንዴት እንደሚጓዙ፣ ከሚያገኟት ገንዘብስ ስንቷ መንገድ ላይ እንደምትቀር የሚያጠና ነው። አማካሪዋ ውስጡን ሳይገልጥ ርዕሱን ብቻ አየና «ይሄ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሥራ ነው። እንጀራ አይሆንሽም። ይልቅ አንድ መስቀለኛ መንገድ ምረጪና ሲሙሌሽን ሥሪ» ብሎ መለሰላት። «ዶክተር፣ እውነት እንጀራ አይሆንም እንዴ?» ነው ጥያቄዋ።

ለብቻዋ መልሼ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ይቺን ዓረፍተ ነገር ስሰማ በዚህ ዓመት ሦስተኛዬ ነው። ሦስቱም ጊዜ ከተለያየ ቦታ፣ ሦስቱም ጊዜ ለሴት ተማሪ የተነገረች። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ አንብቡት፣ መቼም ጊዜ አላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንስማማ። ፍትሐዊ ትራንስፖርት ሲባል ለድሃ ማዘን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጥያቄዎቹ ግን ደረቅ ናቸው፣ ቁጥር ይፈልጋሉ። ለመንገድና ለባቡር የወጣው ገንዘብ ማን ደጃፍ ደረሰ? ማን ስንት ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል? ከደሞዙ ስንት እጁን ለታክሲ ይከፍላል? ሲሻገር የሚገጨው ማነው? ሰልፉ ሲፈርስና ግፊያው ሲጀመር ነፍሰ ጡሯ፣ በክራንች የሚሄደው ሰውዬ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለችው እናት የት ይቀራሉ? ይሄን ለመመለስ ሰዓት መያዝ፣ መቁጠር፣ ካርታ መሥራት፣ ታሪፍ ማስላት ያስፈልጋል። ምኑ ነው ከምህንድስና ውጭ የሆነው?

እኔ ሸጎሌ ነው የምኖረው። ለማታውቁት፣ ስሙ ከሼህ ኾጀሌ የመጣ ነው፤ የቤንሻንጉሉ ገዥ፣ የወርቅ አገር ሰው። አዲስ አበባ ሲቀመጡ መኖሪያቸው እዚህ ነበር፤ ቤተ መንግሥታቸውም የሰፈራችን ቅርስ ነው። ዛሬ ሸጎሌ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የከብት ገበያውና የአውቶቡስ ዴፖው ነው። ዴፖው ነገር እንዳያልፈኝ፦ አውቶቡሶቹ የሚያድሩት እኛ ሰፈር ነው፤ ረጅሙ ሰልፍም ያለው እኛ ሰፈር ነው። አውቶቡስ ከማደሪያው ወጥቶ መስመሩ እስኪጀምር ባዶውን የሚሄደው ኪሎ ሜትር አለ፤ በየትኛውም የዓለም ከተማ ያለ ነው፤ በሙያው «የሞተ ኪሎ ሜትር» ይሉታል። ከዚያ ውስጥ የትኛው ሰው ጭኖ ሊሄድ ይችላል፣ በየትኛው ሰዓት፣ በስንት ተጨማሪ ደቂቃ? ይሄ ለአንድ ማስተርስ ተማሪ የሚበቃ፣ ስድስት ወር የማይፈጅ፣ ውጤቱ በማግስቱ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ርዕስ ነው። አሥራ ምናምን ዓመት ሳስተምር ይሄን ርዕስ ይዞ የመጣ ተማሪ አልገጠመኝም። ለምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ርዕስ የሚመጣው አማካሪው ከሚኖርበት ሰፈር ነው፤ አማካሪው ደግሞ በመኪናው ነው የሚመጣው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ውጡና እዩ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሥራ ልብሷን በፌስታል ይዛ የምትቆመዋን ሴት እዩ። ታፔላው ላይ የተጻፈው መስመር አንድ ነው፤ ረዳቱ የሚጠራው ግማሹን ነው። አቆራርጦ መጫን ይባላል፤ ስሙን ያላወቀ አዲስ አበቤ የለም። በአንድ ታሪፍ መሄድ ያለባት መንገድ ሁለት ይሆናል፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይቀጥላል። በመሄጃ ሦስት፣ በመመለሻ ሦስት ብትሉት በቀን ስድስት ጊዜ ትከፍላለች። ከስድስቱ አንዱን ለማትረፍ ከዊንጌት ወይ ከጳውሎስ በእግሯ ትመጣለች፤ በጨለማ። ይቺ ሴት በየትኛው የትራፊክ ቆጠራ ውስጥ ናት? በየትኛውም። ቆጣሪው የሚጀምረው ከ1 ሰዓት ነው፤ እሷ 1 ሰዓት ላይ ፎቅ እየወለወለች ነው።

እዚህ ጋ «ሲሙሌሽን ሥሪ» ወደሚለው ምክር ልመለስ፤ ምክሩ ገለልተኛ ስለሚመስል ነው የሚያናድደኝ። ሲሙሌሽን አልጠላም፤ አስተምረዋለሁ። ግን ውስጡ ምን እንዳለ እንነጋገር። የመስቀለኛ መንገድ የአገልግሎት ደረጃ የሚለካው በተለምዶ ተሽከርካሪ በሚዘገይበት ሰከንድ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የተቀመጠበት ቪትዝ አንድ ተሽከርካሪ ነው፤ 12 ሰው የጫነ ሚኒባስም አንድ ተሽከርካሪ ነው። አውቶቡስ ሲመጣማ ይባስ፤ ወደ መኪና አቻ ሲለወጥ እንደ ሁለት ወይ ሦስት መኪና ሸክም ሆኖ ይመዘገባል። መንገድ ያጣበበበት ተቆጠረ፤ ውስጡ ታጭቆ የቆመው ሰው ግን አልተቆጠረም። እግረኛው በአብዛኛው መብራቱን የሚያዘገይ እንቅፋት ሆኖ ነው የሚገባው። ከዚያ ኮምፒዩተሩ «መፍትሔው ማሳለጫ መሥራት ነው» ይላል። ኮምፒዩተሩ ምን ያድርግ፣ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

የአዋጭነት ጥናትም እንደዚያው። መንገድ ሲሠራ ከሚገኘው ጥቅም ትልቁ የሚተርፈው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በደሞዝ ነው። ስለዚህ የሥራ አስኪያጁ አሥር ደቂቃ ከጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። ይሄን ቀመር የተቀበለ ጥናት ገና ሳይጀመር ለማን እንደሚፈርድ የታወቀ ነው። ፍትሕ የሚለውን ቃል ፕሮፖዛሏ ላይ የጻፈችው ተማሪ «ወገንተኛ» ትባላለች፤ ቀመሩን ዝም ብሎ የገለበጠው ልጅ «ሳይንቲፊክ» ይባላል። እሺ ይሁን።

አሁን ቁጥር እናውራ። የአዲስ አበባ አስተዳደር ራሱ ባወጣው ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ባለው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ላይ የተጠቀሰው አኃዝ፣ ከከተማዋ ጉዞ 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው በግል መኪና ነው ይላል። በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው የሚጓዝበትን መንገድ ያጠና ተማሪ «ሥራ የለውም»፤ ስለ 15 በመቶው ያጠና «ኢንጂነር» ነው። ይሄን አስረዱኝ።

ቀላል ባቡሩን ውሰዱ። የሰሜን ደቡብ መስመሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንደ ማንም ሰው ደስ ብሎኛል፤ ተሳፍሬበታለሁም። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ አብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ወደ ሰሜን ሲመጣ ምኒልክ አደባባይ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለን የጉለሌ ሰዎች ባቡሩ ጋ ለመድረስ ታክሲ እንይዛለን፤ ከባቡሩ ወርደንም ታክሲ እንይዛለን። መሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ አጥሩ ሰፈር ከሰፈር ለየ። ትናንት ተሻግራ ጎረቤቷን ቡና ትጠራ የነበረች ሴት ማቋረጫ ፍለጋ ዞራ እንድትሄድ ሆነ። ማቋረጫ በስንት ሜትር ልዩነት ይደረግ የሚለው የዲዛይን ውሳኔ ነው፤ መሐንዲስ ነው የሚወስነው። ያ መሐንዲስ ትምህርት ቤት እያለ ይሄን ጥያቄ የጠየቀው አማካሪ ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

ከዚያ ደግሞ ቢ2 አለ። ከዊንጌት ተነሥቶ በመርካቶ፣ በሜክሲኮ አድርጎ ጀሞ የሚደርስ ፈጣን የአውቶቡስ መስመር። ከሸጎሌ ዊንጌት ቅርብ ስለሆነ ለኛ ሰፈር እንደዚህ ያለ ተስፋ አልነበረም። የፈረንሳይ የልማት ድርጅት ብድር ተፈቀደለት፣ ጥናት ተጠና፣ ካርታው ላይ ተሠመረ። ወሬውን ከሰማን ከአሥር ዓመት በላይ ሆነን። በዚህ መሀል ዳሬሰላም የራሷን ጀምራ በ2016 እ.ኤ.አ. ሕዝብ ማጓጓዝ ጀመረች። ለምን ዘገየ የሚለውን እዚህ አልፈርድም፤ የብድርም፣ የቦታም፣ የግዢም ጣጣ አለው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ መስመሩ በዘገየባቸው ዓመታት «ሲዘገይ ማን ምን ከፈለ?» ብሎ የሠራ አንድ ቴሲስ መደርደሪያችን ላይ ፈልጌ አጣሁ። በየዓመቱ ዊንጌት ላይ የሚወርድ ሰው ዕድሜ እኮ ነው።

ኮሪደር ልማቱን ያነሳ ሰው ወይ ደጋፊ ወይ ተቃዋሚ ተብሎ ስለሚፈረጅ ብዙዎቻችን ዝም ብለናል። እኔ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሳይ እሰየው እላለሁ። ብስክሌት መንገድ መሠራቱም ደስ ይለኛል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መጀመሪያ መንገድ ሲዘጋ ከተማሪዎቼ ጋር ወጥቼ ሮጫለሁ፤ ፎቶውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ግን በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥቶ ዳር የሄደ ሰው፣ በእግሩ አሥር ደቂቃ የነበረ ሥራው ስንት ሰዓት ሆነበት? ልጆቹስ ትምህርት ቤት ቀየሩ ወይስ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ? ይሄ ስድብ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ጥያቄውን በጊዜ ብንጠይቀው ኖሮ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ቤት ደርሶት «ቤቱስ ነበር፣ መንገዱ ገደለኝ» የሚል ሰው ባልበዛ ነበር።

እሺ፣ «እንጀራ»። አማካሪው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው፤ አልክድም። በመንግሥት የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ «የፍትሐዊ ትራንስፖርት ባለሙያ» የሚል የለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም አታገኙትም። ሥራው ግን አለ፣ በሌላ ስም። የዓለም ባንክ በ2016 እ.ኤ.አ. ለትራንስፖርት ሥርዓት ማሻሻያ (ትራንሲፕ) 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል። እንዲህ ያለ ብድር ሲመጣ የማኅበራዊ ተጽዕኖ ጥናት ግዴታ ነው፤ የተነሺዎች ካሣና መልሶ ማስፈር ዕቅድ ግዴታ ነው፤ የሥርዓተ ፆታ ትንተና፣ የአካል ጉዳተኛ ተደራሽነት፣ የእግረኛ ደህንነት ሁሉም ሰው ይፈልጋል። ብድሩን የምንከፍለው እኛ ነን። ጥናቱን ማን ይሠራዋል?

ይሄን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከውጭ የመጣ አማካሪ ድርጅት ይሠራዋል። የኛ ተመራቂ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀጠራል፤ ታብሌት ይሰጠዋል፣ በቀን አበል እየተከፈለው ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ «እናቴ፣ ዛሬ ጠዋት ስንት ሰዓት ወጡ?» ብሎ ይጠይቃል። በሁለተኛው ሳምንት ታብሌቱን ይመልሳል። ዘገባው ሌላ አገር ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ሽፋኑ ላይ ስሙ የለም። «ለምን እኛን አታስጽፉንም?» ሲባል መልሱ «በዘርፉ የሠለጠነ አገሬ ሰው አጣን» ነው። እንዴት ይገኝ? ርዕሱን ይዛ የመጣችውን ልጅ «የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሂጂ» ብለን አባረናታል እኮ! እንጀራውን ራሳችን ደፍተን «እንጀራ የለም» እንላለን።

ሌላም ምሳሌ አለ፣ ለነጋዴ ነፍስ ላላቸው። ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ በየቃለ መጠይቁ እንደተናገረችው፣ ሐሳቡን ያመጣላት ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት አስቸጋሪም አስፈሪም ስለነበረ ነው። አንዲት ሴት ማታ ወደ ቤቷ እንዴት ትሂድ የሚለው «የሴቶች ጉዳይ» ይኸው ስንቱን ሾፌር አበላ። ራይድ መጥራት ለማትችለዋ፣ የሸጎሌዋ ሴት ተመሳሳዩን ጥያቄ የሚመልስ ግን ገና አልመጣም። የመንግሥት ሠራተኛው በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳል፤ ተገቢ ነው፣ ደሞዙን አውቃለሁ። መታወቂያው የሌላት ቆማ ታያለች። ለእሷ የሚሆን ቅናሽ እንዴት ይደረግ፣ ስንት ያስወጣል፣ ነዳጅ በድጎማ ሲቀዳ ከነበረው ሚኒባስ ድጎማው ተሳፋሪው ጋ ይደርስ ነበር ወይስ መሀል ላይ ይቀር ነበር? ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ትራንስፖርት ተለይቶ በቴሌብር ሲሠራበት ስለነበር መረጃው አንድ ቦታ ተቀምጧል። ሦስት ዶክትሬት ይወጣዋል።

«ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚሉም አሉ። ታሪኩን ስለማያውቁ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ ከአውቶቡስ ወንበር አልነሣም ብላ የታሰረች ዕለት ማታ፣ ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የጥቁሮች ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት ሁለት ተማሪዎቿን ጠርታ ወደ ኮሌጁ ገባች። ሌሊቱን ሙሉ በኮሌጁ ማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዙ። ሲነጋ የ2 ሰዓት ክፍለ ጊዜዋን አስተማረች፤ ከዚያ ወረቀቱን በመኪና እየዞሩ አደሉ። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት፣ በ1954 ግንቦት ወር፣ ለከንቲባው ደብዳቤ ጽፋ ስለ አውቶቡሶቹ አስጠንቅቃ ነበር። ከአውቶቡስ ወርዶ 381 ቀን በእግሩ የሄደው ሕዝብ ብዙው ማን ነበር? የሰው ቤት የሚያጸዱ፣ ምግብ የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች። እንግዲህ የሙያው መነሻ ይሄ ነው፤ አንዲት መምህርትና ሁለት ተማሪዎች፣ የሰው ቤት ሠራተኞች፣ አውቶቡስ። በኋላ በ1996 የሎስ አንጀለስ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ማኅበር የከተማዋን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤት አቁሞ አሥር ዓመት የሚቆይ ስምምነት ሲያስፈርም፣ ትልቁ መሣሪያው ለአንድ የባቡር ተሳፋሪና ለአንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ስንት ድጎማ እንደሚወጣ ያስላው ቁጥር ነበር። ማካፈል ነው እኮ። ማካፈል የሚችል ሰው ነው የተፈለገው።

አሁን ወደ እኛው ቤት። ስለ ማማከር።

በዚህ አገር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማማከር ማለት በብዙ ቦታ ፊርማ መስጠት ሆኗል። ልጁ ቀን ይሠራል፣ ማታ ወይ ቅዳሜ ይማራል፣ ከኪሱ ይከፍላል። ረቂቁን ያስገባል። ሁለት ወር ይጠብቃል። በሁለተኛው ወር ኮሪደር ላይ ያገኘዋል፤ «እያየሁት ነው» ይለዋል። በሦስተኛው ወር ከላይ ሽፋኑ ላይ «አስተካክል» ተብሎ ይመለሳል። ምኑን? አይታወቅም። ዲፌንስ ሲደርስ ግን ያው አማካሪ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ «ይሄንን ነግሬው ነበር» ይላል። ያልነገረውን!

ርዕሱ ደግሞ አንድ ነው፤ «በእንዲህ ባለ ተግባር ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች፦ የእንትን ክፍለ ከተማ ሁኔታ»። ናሙናው 384 ነው። ሸጎሌም 384፣ አዳማም 384፣ ጎንደርም 384። ቀመሩ ካልተነካ ሌላ ቁጥር አይሰጥማ! መጠይቁ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ነው። ቀኑን ሙሉ ከብት ሲነዳ የዋለ ሰው ቁሞ «የትራንስፖርት አገልግሎቱ አስተማማኝ ነው በሚለው ሐሳብ ላይ ምን ያህል ይስማማሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ አይቻለሁ። ሰውዬው «ልጄ፣ አንተስ በምን መጣህ?» አለው። ከጠያቂው ጥያቄ የሰውዬው ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ነው በየግቢው በር መብራት ምሰሶ ላይ «ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት የሚለጠፈው፤ ገዢው ስላለ ነው፣ ገዢውን የፈጠርነውም እኛ ነን። አላነበብነውም፣ ለምን ይጻፈው?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ለጉራ አይደለም፣ ቀላል ስለሆነ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመደብልኝ ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት ሦስት ጠዋት ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ አንድ ታክሲ ተራ ላይ እንቆማለን። ያለ መጠይቅ። ከተራ አስከባሪው ጋር ይተዋወቃል፤ ከረዳቱ ጋር ሻይ ይጠጣል። የሚያየውን ብቻ በደብተር ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሴቶቹ ግፊያው ሲበርድ ቆይተው እንደሚሳፈሩ፣ ለምን እንደሚቆዩም ይገባቸዋል። እናት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላ፣ ሽንኩርት ገዝታ የምትመለስበት ጉዞ «ከቤት ወደ ሥራ ስንት ደቂቃ?» በሚል መጠይቅ እንደማይያዝ ያዩታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የልጁ ነው፤ ከኔ የተገለበጠ አይደለም። ረቂቁን በአሥር ቀን እመልሳለሁ። ጥናቱ ወደ ጆርናል ሲሄድ መጀመሪያ የሚጻፈው የተማሪው ስም ነው፤ ይሄን ለማድረግ ሕግ አያስፈልግም። እና አንድ ግዴታ አለብኝ የምለው፦ ውጤቱ በአማርኛ ሁለት ገጽ ሆኖ መረጃ ወደሰጠው ሰፈር ይመለሳል። ወረዳው ይስጡት፣ ተራ አስከባሪዎቹ ጋ ያንብቡት፣ ዕድር ላይ ያውሩት። ሰው ታሪኩን ነግሮን፣ እኛ ተመርቀን፣ እሱ እዚያው ሰልፍ ላይ ሲያየን «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ሲለን አንገት መድፋት የለብንም።

ለጻፍሽልኝ እህቴ፦ ርዕስሽን አትቀይሪ፤ አጥብቢው። «ከሸጎሌና አካባቢዋ» ሰፊ ነው። አንድ ታክሲ ተራ፣ አንድ የጠዋት ሰዓት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሴቶች ይበቃሉ። ለአማካሪሽ ሲሙሌሽኑን አትንፈጊው፤ ስጪው። በተሽከርካሪ ሳይሆን በሰው የተቆጠረ መዘግየት አስገቢበት፤ ያንኑ መስቀለኛ መንገድ በሁለቱም አቆጣጠር ሥሪና ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጪለት። የካርታ ሶፍትዌር በደንብ ተማሪ፤ የነፃው ኪውጂአይኤስ ይበቃል። እንግሊዝኛ ዘገባ መጻፍ ተለማመጂ፤ ከመረጃ ሰብሳቢነት ወደ ጸሐፊነት የሚያሻግረው እሱ ነው፣ ደስ ባይልም እውነቱ ይሄ ነው። ደግሞ አማካሪሽን በክፉ አትቀየሚው፤ እሱንም እንዲሁ ብለውት ይሆናል።

ማር ማር አድርጌ ግን አልሸኝሽም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ይከብዳሉ። ቢሮ ብትገቢ ደሞዙ የቤት ኪራይ አይችልም፤ ፕሮጀክት ላይ ብትቀጠሪ ውሉ በስድስት ወር ያልቃል። ስብሰባ ላይ «እሷ የሶሻሉ ናት» ይሉሻል፤ ስለ አስፋልት ሲወራ አይጠይቁሽም። ከተማሪዎቼ በዚህ ርዕስ ከሠሩት ጎበዞቹ ብዙዎቹ ዛሬ ውጭ ናቸው፤ ስለ ሌላ አገር አውቶቡስ ያጠናሉ። አልወቅሳቸውም። ሲደውሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቢ2 እንዴት ሆነ?» ነው።

የቀረው ለናንተ ነው፣ ለቀድሞ ተማሪዎቼ። ዛሬ ትራንስፖርት ቢሮ ቡድን መሪ የሆናችሁ አላችሁ። ትራፊክ ማኔጅመንት ያላችሁ፣ መንገዶች ያላችሁ፣ ፕላን ቢሮ ያላችሁ፣ አማካሪ ድርጅት የከፈታችሁ አላችሁ። ተማሪ ሆናችሁ አንድ የቲኬት ሽያጭ መረጃ ለማግኘት «ከበላይ ኃላፊ ደብዳቤ አምጣ» እየተባላችሁ ስንት ቢሮ እንደዞራችሁ አብሬ አይቻለሁ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያንን ወንበር የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። እና ባለፈው ወር አንድ ልጅ ወደ አንዳችሁ ልኬ ምን ተብሎ እንደተመለሰ አላችሁን አታስጠሩኝ።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ገንዘብ የለበትም። የሰው ስም የሌለበት የቆጠራና የቲኬት መረጃ ለተማሪ ስጡ፤ ሚስጥር አይደለም፣ ብንፈልግ ቆመን እንቆጥረዋለን። ክረምት ላይ አንድ አንድ ተማሪ ለሁለት ወር አስገቡ፤ ወንበር ከሌለ ወንበሩን እናመጣለን። አማካሪ ድርጅት ያላችሁ ደግሞ የጨረታ ሰነድ ስትጽፉ ከውጭ ባለሙያው ጎን አንድ የአገር ልጅ በጸሐፊነት፣ በስሙ፣ ሽፋኑ ላይ አስገቡ።

ፈቃደኛ የሆናችሁ በውስጥ መስመር መሥሪያ ቤታችሁንና ምን መረጃ እንዳላችሁ ጻፉልኝ። የትብብር ደብዳቤውን በዚሁ ሳምንት አዘጋጃለሁ፤ ማኅተሙንም እኔው አስመትቼ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። በታክሲ ስለምመጣ ሰዓት ካረፈድኩ ታገሡኝ።